የኤልመሮች መሳቢያ

ባለፈው ቅዳሜ ከኬንት ወደ ሲያትል ስንመጣ ባቡሩ ሐምራዊ ማሊያ በለበሱ ሰዎች ጢም ብሎ ነበር። የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ጨዋታ ነበረው። የልጅ ልጄ ሶስና በስልኳ የቡድኑን ታሪክ ታገላብጣለች።

«አባባ፣ የድሮ ፕሌየሮች ሁሉ አሉ። ሰርች ላድርግልህ? ላስት ኔም ብቻ ንገረኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። በዚያው በላስት ኔም፣ በአባት ስም የተነሳ አንድ ጊዜ ከትምህርቴ ልሰናበት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ እየተማርኩ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ሥራ አገኘሁ። ቡድኑ ከተመሠረተ ጀምሮ የተጫወተ ሁሉ ፎቶው የተለጠፈበት ካርድ ነበረው። ቧንቧ ፈንድቶ ካርዶቹ ተዘበራርቀዋል። ኃላፊዬ ሚስ ዶሮቲ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ነበረች፤ «በስም ቅደም ተከተል ደርድራቸው» ብላኝ ለዕረፍት ወጣች።

ጨዋታው አይገባኝም ነበር። ሦስት ሰከንድ ሮጠው ለምን እንደገና ተሰብስበው እንደሚመክሩ ዛሬም በደንብ አልገባኝም። ሰዎቹ ግን ልቤን ወሰዱት። አንዱ ከእንጨት ቆራጮች ሰፈር የመጣ፣ ሌላው የታኮማ ዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ራሱ ላይ ከቆዳ ቆብ በቀር ምንም የሌለው። አንዱ ካርድ ላይ «አፍንጫው ተሰበረ፤ በሳምንቱ ተመልሶ ገባ» ይላል። እንዴት ተመልሶ ገባ? ውጭ የመኸሩ ዝናብ ሲወርድ እኔ ሳንድዊቼን እየገመጥኩ ይህንኑ አስብ ነበር።

በሦስት ሳምንት ጨረስኩ። ሚስ ዶሮቲ ተመልሳ አንዱን መሳቢያ ከፈተች፣ ቀጥላ ሌላውን።

«ተፈራ፣ እነዚህ ጆኖች ሁሉ ለምን አንድ ላይ ሆኑ?»

«ስማቸው ጆን ስለሆነ ነዋ!»

እኛ ዘንድ የሰው ስም የራሱ ነው፤ የአባቱ ስም የትኛው ጆን እንደሆነ ለመለየት ይከተላል። ሰው በአባቱ ይደረደራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። እሷ መሳቢያውን ቀስ ብላ ዘጋችና «ሰኞ እንነጋገራለን» አለች። ያ ዝግታዋ ነው ያስፈራኝ። የውጭ አገር ተማሪ ከግቢው ውጭ መሥራት አይፈቀድለትም፤ ይህን ካጣሁ ትምህርቱም አበቃ። ሁለት ቀን እህል አልበላልህ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ልትናገር አፏን ስትከፍት አንዲት ሴት ከባሏ ጋር ገባች። ሰውየው ግዙፍ ነው፣ በከዘራ ይሄዳል። የጥንት ተጫዋች ነበር።

«ከታመመ ወዲህ ነገር ሁሉ ጠፍቶበታል» አለች ሚስቱ። «ቀኑን ሙሉ ‹ኤልመር› ይላል። አብሮት የተጫወተ ይመስለኛል። ፊቱን ቢያየው ብዬ ነው።»

«የአባቱስ ስም?» አለች ሚስ ዶሮቲ።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። በየዓመቱ የቡድን ፎቶ ግርጌ ደግሞ የተጻፈው የአባት ስም ብቻ ነው። ሚስ ዶሮቲ ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ነገር ሳልጠብቅ መሳቢያውን ሳብኩ። ስድስት ኤልመሮች ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው።

ሽማግሌው አራተኛው ላይ እጁን አሳረፈ፤ ጣቶቹ ድሮ ተሰብረው ጎብጠዋል።

«ጫማዬን ያስርልኝ ነበር» አለ። ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ከሄዱ በኋላ ሚስ ዶሮቲ ባዶ ካርዶች አመጣች። «ለእያንዳንዱ ሁለት እንሠራለን፤ አንዱ በአባቱ፣ አንዱ በራሱ ስም። መጀመሪያ ምሳህን ብላ።»

«ኦኬ፣ ሶ የኤልመር ላስት ኔም ማን ነበር?» አለች ሶስና፣ ባቡሩ ውስጥ ታሪኩን ስጨርስላት።

በገዛ እጄ የጻፍኩት ስም ነው፤ ባስበው ባስበው ሊመጣልኝ አልቻለም። እኔም በዚህ አገር በየክሊኒኩ «ሚስተር ወልዴ» እየተባልኩ ስነሣ ኖሬያለሁ። አባቴ ባሕር ሳይሻገር ስሙ በሲያትል ሲጠራ፣ ድሮ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ደስ ይለኛል። ግን እንደዚያ ሽማግሌ ነገር ሁሉ የሚጠፋበት ቀን ሲመጣ የሚቀረው የትኛው ስም ነው?

«እኔ ብጠፋብሽ፣ ማን ብለሽ ትፈልጊኛለሽ?» አልኳት።

«አባባ ነዋ» አለች፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ።

ለዚያ ስም ካርድ አልሠራንም ነበር።