የውዴታ ግዴታ

ዛሬ ጧት የቀድሞው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ፈረሴን ለልጃቸው ሠርግ ሊለምኑ እንጅባራ ቤቴ ድረስ መጡ። ኮርቻውን ሳወጣ የቆዳው ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ።

ያኔ እኒሁ ሰውዬ አባቴን፣ «እንግዳ ልንቀበል ስለሆነ ፈረስህ ይፈለጋል። የውዴታ ግዴታ ነው» አሉት። አባቴ ፈረሱን አጥቦ፣ ኮርቻውን ጭኖ አስረከበ።

«አባዬ፣ የውዴታ ግዴታ ምንድን ነው?» አልኩት።

«በገዛ እጅሽ ጭነሽ የምትሰጪው ነው፣ ልጄ።»

ፈረሳችን በሳምንቱ ጀርባው ቆስሎ፣ እያነከሰ ተመለሰ። እሳቸው ረስተውታል፤ እኔ አልረሳሁም።

ዛሬ እኔም ፈረሴን ጭኜ፣ አስጊጬ፣ እስከ ደጅ ሳብኩላቸው። እየመረቁኝ ልጓሙን ሊቀበሉ ሲሉ ፈረሱ ላይ ዘልዬ ወጣሁና እጃቸውን እንደዘረጉ ትቻቸው ጋለብኩ።