በአራት ቀን የሚዞር ፕላኔት

ሞላሌ ከተማ ሳስተምር አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንኖረው ሁለት ሆነን ነበር። እኔ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ጓደኛዬ እንግሊዝኛ። ሳንባ ምች ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ የገብስ አጥሚት እያጠጣች ያስታመመችኝ እሷ ናት። አባቷ ሲሞቱ እኔም አብሬያት ዘመሮ ድረስ ሄጄ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ለሰው ሳስተዋውቃት እህቴ ናት እል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጅ ልብስ ሳጥብ እሷ ውስጥ የውጭ ጣቢያ ሬዲዮ ትሰማለች።

"ነይ፣ ነይ! ያንቺ ትምህርት ነው!" ብላ ጠራችኝ።

እጄ አረፋ እንደያዘ ገባሁ። እንግሊዝኛዋ ከእኔ በብዙ ስለሚሻል እየሰማች ትተረጉምልኝ ጀመር። በጣም ሩቅ ያለች አንዲት ኮከብ አለች፤ እሷን የሚዞር ፕላኔት ተገኘ፤ እንደ ጁፒተር ግዙፍ፣ ጋዝ የሆነ፤ ግን ለኮከቧ እጅግ ቅርብ ስለሆነ አንድ ዙር የሚጨርሰው በአራት ቀን ገደማ ነው።

"በአራት ዓመት ይሆናል እንጂ። በደንብ ስሚ" አልኳት።

"ቀን ነው ያለው! እንግሊዝኛ ልታስተምሪኝ ነው?" ብላ ሳቀች።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። መጽሐፋችን የሚለው ትልልቆቹ የጋዝ ፕላኔቶች ከፀሐይ ርቀው፣ ብርዱ ውስጥ እንደሚኖሩ ነው። እኔም ለዓመታት ያስተማርኩት ያንኑ ነው። ይሄኛው ግን ኮከቧ ሥር ተለጥፎ እየጋየ ይዞራል።

ሰኞ ለስምንተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ሥዬ ነገርኳቸው። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ ዓመቱ አራት ቀን ከሆነማ ሁዳዴን የት ያስገቡታል?" አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

ሳቁ ቤት ድረስ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት የመምህራን ግምገማ ላይ ርዕሰ መምህሩ ማስታወሻውን ገለጠ።

"ከመጽሐፍ ውጭ አሉባልታ ታስተምሪያለሽ፤ ልጆቻችን በጾም ማሾፍ ጀመሩ የሚል የወላጆች አቤቱታ ቀርቧል። ከየት አመጣሽው?"

"ከሬዲዮ ነው የሰማሁት።"

"ማን አብሮሽ ሰማ?"

ምንም ሳልጨነቅ ወደ እሷ ዞርኩ። "እሷ ናት የተረጎመችልኝ። ጠይቋት።"

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። እኔን አላየችኝም።

"ሬዲዮ አልፎ አልፎ እሰማለሁ" አለች። "እንዲህ ያለ ነገር ግን አልሰማሁም። ምናልባት ከሌላ ነገር ጋር አምታትታው ይሆናል።"



ቤት ስንገባ "ምን አድርጌሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም። የዝውውር ማመልከቻዬ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ደብረ ብርሃን ካልገባሁ እዚያ የምትታከመውን እናቴን ማን ያስታምማታል? አንቺን ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ቢሰጡሽ ነው።"

"ቀድመሽ ብትነግሪኝ እኮ ስምሽን አላነሣም ነበር።"

 ከገመዱ ላይ ያወረደችውን ልብስ ታጥፍ ጀመር፤ የእኔን ለብቻ፣ የሷን ለብቻ።

ነገሩ በማስጠንቀቂያ አላበቃም። ስምንተኛ ክፍልን ነጠቁኝ። ተማሪዎቹ ከኋላዬ "አራት ቀን" እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ዓመቱ ሲያልቅ እሷ ደብረ ብርሃን ገባች፤ እኔን ግሼ ወረዳ፣ ራቤል መደቡኝ። እዚያ ብዙ ዓመት አስተማርኩ፤ ከማንም ጋር ግን ክፍል አልተጋራሁም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ለአንድ ቀን የክረምት ሥልጠና ደብረ ብርሃን ጠሩን። አሠልጣኙ ያንን ፕላኔት እንደ ተራ ነገር ጠቅሶት አለፈ፤ እንደሱ ያሉ ሌሎችም ብዙ ተገኝተዋል አለ። ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም አቀርቅሮ ይጽፋል። እኔ ግን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ለምሳ ስንወጣ በሩ ላይ የሰዓት መቆጣጠሪያ ፊርማ የምታስፈርመው እሷ ሆና አገኘኋት። ወፍራለች፤ መነጽር አድርጋለች።

"ሰማሽ አይደል?" አለች በቀስታ። "ትክክል ነበርሽ።"

"ትክክል መሆኔንማ ከእኔ ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ፈርሜ ወጣሁ። ምሳ አብረን እንብላ እያለች እስከ ግቢው በር ተከተለችኝ።

"አውቶቡስ ያመልጠኛል" አልኳት።

አውቶቡሱ የነገ ጠዋት ነበር።