ከሳጥን የወረዱ ተሳፋሪዎች

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአዲስ አበባን ሕዝብ አውቶቡስ ውስጥ ሲያጭቅ የኖረ ሹፌር፣ ጡረታ ቢወጣም ማጨቁን አይተውም። መልከጼዴቅ ቡራዩ ውስጥ፣ ገፈርሳ ዳር፣ በቤቱ ጓሮ ስድስት የእንጨት ሳጥን ደርድሮ ቀይ የመሬት ትል ያረባል። ትሎቹ ልጣጭና የጎመን ቅጠል ይበላሉ፤ የሚተዉት ጥቁር ማዳበሪያ፣ እሱ እንደሚምለው፣ የመብራት ምሰሶ ሥር ቢደረግ ምሰሶው ቅጠል ያወጣል። ከአንድ የአዲስ አበባ ሥልጠና በማርማላታ ጣሳ ይዞ የመጣቸው ሁለት መቶ ትሎች በሁለት ዓመት ሳጥኑን ሞልተውታል። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ከፍቶ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ከኋላ ቦታ አለ» ይላቸዋል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያሉት እነዚህ ተሳፋሪዎች ናቸው።

ጎረቤቱ ኦቦ ጋሮማ ግን ትሎቹን በክፉ ዓይን ነበር የሚያዩአቸው። ዓመቱ 2008 ነው፤ ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው ማሳ ሊያሰፋ ነው ተብሎ አገሩ ተነሥቷል። የኦቦ ጋሮማ ወንድም ሰበታ ላይ ከአባቱ ማሳ ተነሥቶ፣ እዚያው ማሳ ላይ ለተሠራ መጋዘን ዘበኛ ሆኗል። ስለዚህ ኦቦ ጋሮማ ከአዲስ አበባ የመጣ ነገር አጥራቸውን እንዳያልፍ ምለዋል። መልከጼዴቅ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ በነጻ ልስጥዎ ቢላቸው፣ ከላይ በቀያሽ ከሥር በትል ልትከቡን ነው ወይ ብለው መለሱት።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ። ጎማ ይነድዳል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ታክሲ የለም። የትሎቹ ቀለብ ደግሞ ከአውቶቡስ ተራ ጭማቂ ቤቶች በሚኒባስ የሚመጣ ልጣጭ ነበር። መልከጼዴቅ አሮጌ ጋዜጣ አርጥቦ አቀረበላቸው፤ አንብበውት ነው መሰል፣ አልነኩትም። በአምስተኛው ቀን ኩራቱን ዋጥ አድርጎ፣ የኦቦ ጋሮማን ባለቤት አዴ ገለቴን በአጥር ላይ ለትሎቹ የድንች ልጣጭ ለመናቸው።

አዴ ገለቴ ደነገጡ። የተራበ ደጅ ላይ ቆሞ ልጣጭ መስጠት! መሐላው ስለሚገባ ነገር እንጂ ስለሚወጣ ነገር አልነበረምና፣ መልከጼዴቅ ቅጠል ፍለጋ ወጣ ሲል፣ በርበሬው ቀይ እሳት የሆነ የጾም ምስር ወጥ በድስት ይዘው ጓሮው ገቡ። ከእንጀራ ጋር ለስድስቱም ሳጥን እኩል አካፈሉ፤ ለማንም አላደሉም።

በማግስቱ ጠዋት መልከጼዴቅ ክዳኑን ሲከፍት ምስሩ እንዳለ አለ፤ ተሳፋሪ የለም። ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሁለት ዓመት በአንድ ድስት! ቀና ሲል ግን እርጥቡ መሬት ላይ የሚያብለጨልጭ መንገድ አየ፤ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ በአጥሩ ሥር ይሾልካል።

ባዶ ሳጥን ታቅፎ አጥሩ ጋ ቆመ። «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ጋሮማ» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደሩ ጠየቃቸውና የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ኦቦ ጋሮማ በሩን ከፍተው አስገቡት። የከረመውን የእበት ክምር በመንሽ ገለጥ ሲያደርጉ፣ አገር ምድሩ ትል! በአንድ ቀን አዳር ወፍረው አንዳንዱ ቀበቶ ያክላል።

«ማንን አስፈቅደው ገቡ?» አሉ ኦቦ ጋሮማ።

«እነሱ ፕላን የላቸውም፣ ኦቦ ጋሮማ። ተቃጥለው ነው የሸሹት።»

አዴ ገለቴ ከበሩ ላይ ሆነው፣ ወጡ ጨው አንሶት እንደሆነ ጠየቁ። ወዲያው የቤቱ ዶሮዎች ትሎቹ ላይ ደረሱ። ኦቦ ጋሮማ ዱላቸውን አነሡ። መልከጼዴቅ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ፣ ኦቦ ጋሮማ አውራ ዶሮውን እያሯሯጡ በግቢው ሁለተኛ ዙር ላይ ነበሩ።

ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሲመለሱ፣ መልከጼዴቅ ትሎቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ እየለቀመ አገኙት።

«ተዋቸው» አሉት። «ወዳመለጡበት ምን ትመልሳቸዋለህ? ከአጥሩ ሁለት እንጨት እነቅልልሃለሁ፤ አንተ ተመላለስ።»

መልከጼዴቅ የለቀማቸውን መልሶ እበቱ ላይ ዘረገፈ። ጎንበስ አለና፣ እንደ ልማዱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አላቸው።

«ምን ያስጠጋቸዋል?» አሉ ኦቦ ጋሮማ። «እዚህ ቦታ አለ።»