ጎኔን ወጋኝ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት አልወድም። «ሆስፒታል ነው የምሠራው» ስል ሁሉም ነርስ ነሽ ይለኛል፤ አይደለሁም ስል ፊቱ ቀዝቀዝ ይላል። እኔ ካርድ ክፍል ነኝ። ሐኪም የጻፈውን አነብና ለእያንዳንዱ ጉዳት መለያ ቁጥር እሰጣለሁ። ሆዱን ለተጎዳ ሰው ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፤ አንዱ ምኑ እንደ ተጎዳ፣ ሌላው በምን እንደ ተጎዳ። «ሆዱ ተጎድቷል» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ሐኪም ከተገኘ ካርዱን ይዤ ያለበት ድረስ እሄዳለሁ። «ዶክተር፣ ሆድ እኮ አገር ነው፤ ጉበቱ ነው? ጣፊያው ነው? አንጀቱ ነው?» እለዋለሁ። ጀማሪዎቹ ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። አልዋሽም፣ ይህ ደስ ይለኝ ነበር።

ሌላም የምኮራበት ነገር ነበረኝ፤ አማርኛዬ። ያደግሁት እዚሁ መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ነው። ቤታችን ትግርኛ ነው የሚነገረው፤ አማርኛን ያገኘሁት ከትምህርት ቤትና ከቢሮ ነው። ድንገተኛ ክፍል ያሉት ወጣት ነርሶች አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም፤ ከወሎ የመጣ ታካሚ ሲገባ እኔን ያስጠሩኛል። እኔም እንደሚፈለግ ሰው ቀስ ብዬ ነው የምወርደው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አስጠርተውኝ ስወርድ ሁለት ጭነት አውራጆች መጥተዋል፤ አንዱ ሌላውን ደግፎታል። የተደገፈው ግራ ጎኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ቃሉን ቆራርጦ ተናገረ።

«ባልደረባዬ… ለቀቀው… ጎኔን ወጋኝ።»

«እንታይ ኢሉ?» አለችኝ ነርሷ፤ ምን አለ ማለቷ ነው።

ባልደረባው ጎኑን ወጋው አለ፣ አልኳት በትግርኛ። ጻፈች። የደም ግፊቱ እየወረደ ስለ ነበር ሌላ የጠየቀው ሰው የለም፤ አልጋውን እየገፉ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሮጡ። ደግፎ ያመጣው ሰው ደጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። በር ላይ ያለው ፖሊስ የነርሷን ወረቀት አይቶ ክንዱን ያዘው። በአጠገባቸው ሳልፍ «እህቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ አልኩ በልቤ፤ አለፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት የቀዶ ጥገናው ማስታወሻ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ቆዳው ላይ ምንም ቁስል የለም ይላል። ግራ ጎድኑ ላይ ሰንበር አለ፤ ጣፊያው ተሰንጥቆ ስለ ነበር ወጥቷል። ቁጥር ልሰጥ ብዕሬን አነሳሁና ቆምኩ። የነርሷ ወረቀት ሰው ወጋው ይላል፤ የሐኪሙ ወረቀት ቆዳው ደኅና ነው ይላል። አንድ ካርድ ውስጥ ያሉ ሁለት ወረቀቶች ሆድና ጀርባ ሆነዋል። ቆዳ ሳይበሳ ጣፊያ ጋ የሚደርስ ቢላዋ ደግሞ አላውቅም። ተናድጄ ድንገተኛ ክፍል ወረድኩና ነርሷን ሰው ፊት ጮህኩባት።

«ዝበልክኒ እየ ጽሒፈ» አለችኝ። ያልሽኝን ነው የጻፍኩት።

ወደ ታካሚው ሄድኩ። ሰመመኑ ለቆታል፤ ድምፁ ግን ገና በደንብ አልተመለሰም። «ማን ነው የወጋህ?» አልኩት።

ግር ብሎት አየኝ። «ማን ይወጋኛል? ጆንያው ባልደረባዬን ከበደውና ለቀቀው፤ እኔን ከመኪናው የጎን ብረት፣ ከስፖንዳው ጋር አጣበቀኝ። ከዚያ ጎኔን ወጋኝ፣ ትንፋሽ ከለከለኝ።» ወደ በሩ እያየ «እሱስ የት ሄደ? ጥሎኝ የሚሄድ ሰው አልነበረም» አለ።

በአማርኛ ሕመምም እንደ ሰው ይወጋል። ወጋኝ ሲባል ማን እንደ ወጋ ቃሉ አይናገርም፤ መጠየቅ የሰሚው ፋንታ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼም አይደለም፤ በትግርኛችንም እናቴን ጎኗን ሲወጋት ኖሯል። ግን በጦርነቱ ዓመታት ሆዱን ተጎድቶ የሚመጣ ሁሉ ሰው የመታው ነበር። ወረቀት አልቆብን በካርቶን ጀርባ ስንጽፍ፣ በምን ተጎዳ የሚለውን ሳልጠይቅ እሞላው ነበር። ጆሮዬ ከዚያ ገና አልተመለሰ ይሆናል። ለማመካኛ አይደለም የምለው። አንድ ንጹሕ ሰው በእኔ አማርኛ ታስሮ አድሯል፤ በጣም ነው ያፈርኩት።

ለቀዶ ሐኪሙ ነገርኩት። ደግ ሰው ነው። «የድንገተኛ ክፍል ስህተት ብዬ አርሜ ልፈርም፤ ያንቺ ስም ምን ያደርጋል?» አለኝ። ሆድ ይፍጀው ማለት ቀላል ነበር። ጥፋቱ ለነርሷ ይቀራል፣ እኔም ኮሪደር ላይ እንደ ተፈራሁ እኖራለሁ።

«ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ይጻፍ» አልኩት።

ወረቀቱን ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው ሁለቴ አነበበውና «የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ከምሳ በፊት ለቀቁት።

ከሰዓት በኋላ ከባልደረባው አልጋ አጠገብ አገኘሁት። ይቅርታ ጠየቅሁት። ካርዱን እንዳሳየው ብቻ ጠየቀኝ። ታካሚውም አሳዪው አለኝ።

«ወጋሁት የሚለው የቱ ጋ ነው?»

በጣቴ አሳየሁት። ቀጭን መስመር ተሰምሮበታል።

«ለምን አላጠፋችሁትም?»

«ካርድ ላይ የተጻፈ አይፋቅም። አንድ መስመር ይሰመርበትና ከጎኑ ይፈረማል፤ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት» አልኩት። ለሐኪሞቹ ሁልጊዜ በኩራት የምነግራቸው ደንብ ነው።

«ታዲያ ይነበባል?»

«ይነበባል።»

«መታሰሬን የሰማ የገበያው ሰው ሁሉ እኔንም እንዲሁ ነው የሚያነበኝ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

በማግስቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ገበያ፣ ጆንያ ወደሚራገፍበት ሄድኩ። እሱ ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብሎ ብቻውን ቆሟል። አውራጆቹን ሰብስቤ መጀመሪያ በትግርኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገርኩ። ይህ ሰው ማንንም አልወጋም፤ በደንብ ሳልሰማ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ሁሉም አዳመጡኝ። አንድ ሸበቶ አውራጅ ራሱን ነቀነቀና «ገብቶናል፣ እህቴ» አለኝ። «ታዲያ የወጋው ማን ነው?»

«ስፖንዳው» አልኩት። ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው።