በጥምቀት ገንዳ ውስጥ በረዶ

ባለፈው ሳምንት የጋሽ ሙሉጌታ ልጅ የሠርግ ጥሪ ስልኬ ላይ ገባ። ሥራ ቦታ ብሬክ ላይ ነበርኩ። ከሙሽሮቹ ስም በላይ የአዳራሹ ፎቶ አለ፦ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ አጭር ግንብ፣ ዝቅ ያለ በር። ከሥሩ "ካስል የመሰለ ቬኑ" ተብሎ ተጽፏል፤ ግንብ የመሰለ የሠርግ አዳራሽ ማለት ነው። ምሳዬን መልሼ ከደንኩት። ካስል አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወለሉን ጠርጌዋለሁ፤ አውቀዋለሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በአባቴ ዲቪ ከወሎ ቴክሳስ መጥተን ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር አፓርታማ ከገባን ዓመት አልሞላንም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ በአማርኛም ቢሆን ሰው ፊት መናገር ያስፈራኝ ነበር። ሥራውን ያገኙልኝ ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው። ከሌዊስቪል ከተማ አለፍ ብሎ ሜዳ ላይ ባለው የሠርግ አዳራሽ የጽዳት ኃላፊ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት በመኪናቸው ይወስዱኛል። አገር ቤት ድቁና ተቀብለዋል። ስለ ቅዳሴ ሲያወሩ ያ ሁሉ ሃይዌይ ያጥርልኝ ነበር። እወዳቸው ነበር፤ ንዴቴም ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ሕንፃው የጀርመን መንደር ቤተ ክርስቲያን ነው። ከመንደሩ ሥር የድንጋይ ከሰል አለ ተብሎ ነዋሪው ተነሣ፣ መሬቱ ተቆፈረ። አንድ የቴክሳስ ሀብታም ቤተ ክርስቲያኑን ገዝቶ፣ ድንጋዩን ሁሉ ቁጥር እየጻፈበት በመርከብ አስመጣው። ነጩ ቁጥር አንዳንዱ ድንጋይ ላይ አሁንም አለ። "ከጎንደር ግንቦች በፊት የተሠራ ነው" አሉኝ ጋሽ ሙሉጌታ። እኔም የመጀመሪያው ቀን ጫማዬን አውልቄ ደጃፉን ተሳልሜ ገባሁ። የአዳራሹ ማናጀር እግሬን እያየች ጮኸች። ጋሽ ሙሉጌታ ሳቁብኝ።

"ጫማሽን አድርጊ የኔ እመቤት፣ ስትወድቂ ኢንሹራንሱ አይሸፍንሽም!"

ውስጡን ቀስ በቀስ ለመድኩት። መስኮቶቹ ጠባብና ከፍ ያሉ ናቸው፤ ብርሃን እንደ ክር ነው የሚገባው። አግዳሚ ወንበሮቹ በጎን በኩል ትናንሽ መዝጊያ አላቸው። ከኋላ ደረጃው የሚንቋቋ የእንጨት ሰገነት አለ። ከመንበሩ አጠገብ ግድግዳው ተቦርቡሮ የብረት በር ተገጥሞለታል፤ ቅዱስ ቁርባን ይቀመጥበት ነበር አሉ፤ እኛ የጽዳት ፈሳሽ እናስቀምጥበታለን። ግድግዳው ላይ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ተሥሏል፤ የኤሲው ቱቦ በፈረሱ ሆድ በኩል ወጥቷል። ያን ግድግዳ የበሳው ሰው ሥዕሉን ቀና ብሎ አላየውም? በሩ አጠገብ ደግሞ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ የጥምቀት ገንዳ አለ። ሠርግ ሲኖር በረዶ ይሞላና ቢራ ይደረደርበታል።

የፍልሰታ ጾም ነበር። ውጭ አስፋልቱ በሙቀት ይለሰልሳል። የያዝኩት ሽሮ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ፕላስቲኩ ውስጥ ይጠብቀኛል። ከደጃፉ ድንጋዮች አቧራ በብሩሽ እያወጣሁ ነበር። ድንጋዮቹ ጣት የሚያስገቡ ረጃጅም የተፋቁ ጎድጓዶች አሏቸው፤ ማን በቢላ እንዲህ እንደጎዳቸው ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ከታክሲ ወርዳ መጣች። ሰላም ሳትለኝ፣ ሳታይም፣ ጣቷን ጎድጓዱ ውስጥ ከተተች። ቦታውን ጣቷ ያውቀዋል።

ደንግጬ ሳያት በምልክት አስረዳችኝ። ድንጋዩን እንደመፋቅ አደረገች፣ ዱቄቱን ወደ አፏ ወሰደች፣ ሆዷን አሻሸች። ገባኝ። እምነት ነው! እኛ ሲያመን ከቤተ ክርስቲያን እምነት ወስደን በውኃ በጥብጠን እንደምንጠጣው፣ እነሱም የደጃፉን ድንጋይ ፍቀው ይወስዱ ነበር። የመንደሩ ሰው ነበረች።

ማናጀሯ መጣች። አሮጊቷ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለመነቻት። "ቱሞሮ" እና "ፍላይት" የሚሉትን ሰማሁ፤ ነገ ተመላሽ ናት፣ ዛሬ ካልገባች ከእንግዲህ አትገባም። ማናጀሯ ፈገግ ብላ "ፕራይቬት ኢቨንት"፣ የግል ዝግጅት አለ፣ አለችና በሩን ዘጋች። በዚያ ፀሐይ!

የጎን በሩ ቁልፍ ኪሴ ነበር። "እማማ፣ ይምጡ" አልኳት በአማርኛ።

ይዣት ገብቼ ወደ ቀኝ ወሰድኳት፤ በእኛ ሴቶች በቀኝ ነዋ። ራሷን ነቅንቃ ወደ ግራ ሄደች። የነሱ ሴቶች በግራ ኖሯል የሚቀመጡት። ልትቀመጥ ስትል ግን ለማታው ሠርግ በረዶና ቢራ የተሞላውን ገንዳ አየች። ጠጋ አለች። ጠርሙሶቹን እያወጣች መሬት ላይ ትደረድር ጀመር። ጣቶቿ ከበረዶው ቀሉ። እኔም ጎኗ ሆኜ አወጣሁ። አንድ ጠርሙስ ሲቀር ደከማት፤ ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች።

ጋሽ ሙሉጌታ ገቡ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን አስገባሽ? ኬዝ ልታመጪብኝ ነው?"

"ቤተ ክርስቲያኗ ነው፣ ጋሼ።"

"ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ ቬኑ ነው። ታቦት አለው? የለውም። በቃ።"

"ታቦት ከሌለ አሮጊት ይባረራል ማለት ነው?"

"ስሚ፣ እኔን ሃይማኖት ልታስተምሪኝ ነው? ተነሽ፣ አስወጫት!"

ሄጄ አሮጊቷ አጠገብ ተቀመጥኩና የወንበሩን መዝጊያ ዘጋሁት።

ማናጀሯ ስልኳን ይዛ መጥታ "ፖሊስ" ስትል አሮጊቷ ዓይኗን ገለጠች። እኔን አየችኝ፣ ጉልበቴን መታ መታ አደረገች፣ ተነሣች። ቀሚሷን አስተካክላ በመሀል መንገዱ ቀስ ብላ ሄደች። ገንዳው ጋ ስትደርስ የቀረችውን አንድ ጠርሙስ አወጣችና ለጋሽ ሙሉጌታ ሰጠቻቸው። በትልቁ በር ወጣች።

ጋሽ ሙሉጌታ ጠርሙሱን ይዘው ዞር አሉ። ማናጀሯ ታያቸዋለች። መልሰው ገንዳው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ መሬት ላይ ያሉትን አንድ በአንድ።

የዚያኑ ቀን ሥራውን ለቅቄ ወጣሁ። ቤት ስደርስ አባቴ "ምን አገባሽ?" አለኝ። ሁሉም ሰው ይህንኑ ነው የሚለኝ።

ማናጀሯን ረስቻታለሁ፤ መልኳም አይመጣልኝ። እሷ የገባችበት ቤት ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ ግን ያውቁ ነበር። ሰው ንዴት ከዕድሜ ጋር ይበርዳል ይላል። የኔ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም፤ ያችን ሴትዮ በዚህ አገር የሚያስታውስላት ሌላ ሰው የለም።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ አገኙኝ።

"ለልጄ ሠርግ አልመጣም አልሽ አሉ። በዚያ ነገር ነው? ተይው እንጂ፣ ያኔ ልጅ ነበርሽ።"

ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር። እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

"አዎ፣ ልጅ ነበርኩ" አልኩ። "እርስዎ ግን አልነበሩም።"