ቆሮሶዎቹን ያዛወርሁ ለት

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር አስተማሪ ሆኜ ስመደብ፣ ሐይቁ ዳር ቤት የተከራየሁት ከአንድ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ ነበር። ብቻዬን መሆኔ አሳዝኗቸው እንደ ልጃቸው ያዩኝ ነበር። አንድ ወንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው ከጠፋ ዓመት አልፎት ነበር።

ከጥቅምት ወዲያ ሐይቁ ሲሸሽ በጥቋቁሩ ድንጋይ መካከል ኩሬዎች ይቀራሉ። ጎን ለጎን ሆነው አይመሳሰሉም። በአንደኛው፣ ጣት የማያህሉ ቆሮሶ የሚባሉ ዓሦች ይርመሰመሳሉ፤ ሁለት እርምጃ አለፍ ሲሉ ነጭ ዓሣ ብቻ ነው፤ ጥልቁ ደግሞ ባዶ ይመስላል። ለምን ይሆን እያልሁ ከሥራ ስመለስ እዚያ እጎለታለሁ። ሽማግሌው ታንኳ የሚሠሩበትን ደንገል እያሰሩ «ዛሬስ ስንት ተማሪ ቀረ?» እያሉ በዓሦቹ ይቀልዱብኛል።

መጋቢት ላይ የቆሮሶዎቹ ኩሬ ጎደለና ጀርባቸው መታየት ጀመረ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ማንንም ሳላማክር ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በጆግ እየጨለፍሁ ሁሉንም ወደ ጥልቁ ኩሬ አዛወርኋቸው። ሰፊ ነው፣ አይደርቅም ብዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

በማግስቱ ብሄድ አንድም የለም። ከድንጋዩ ሥር አንድ ጢማም አምባዛ ብቅ ብሎ ተመልሶ ገባ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ ይኼን የምታህል ሴት፣ ለዓሣ።

ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ትንንሾቹ ሐይቁ ሲሸሽ ጥልቀት የሌለውን ውሃ መርጠው ነው የቀሩት» አሉ። «አምባዛ እዚያ ገብቶ አይበላቸውም።»

«ምነው ቀድመው በነገሩኝ፣ አባባ።»

«ለእኔስ ማን ነገረኝ?» አሉ። «ልጄን ከዚህ ይወስዱብኛል ብዬ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ላክሁት። ሰፊ አገር ነው፣ ሰው መሐል ይጠፋል ብዬ። የያዙት እዚያው ነው፣ በገባ በሦስተኛው ቀን። እዚህ ከእሱ እኩዮች አንድም የተነካ የለም።»

የደንገል ስንጥር የቦጫጨረውን እጃቸውን ያዝሁ።

«እርስዎ አላጠፉም» አልኋቸው።

«ወላሂ፣ ልጄ፣ ይኼን ከእሱ አፍ ብሰማው» አሉ።

ክረምት ገብቶ ሐይቁ ሞላና ኩሬዎቹን ሁሉ አንድ አደረጋቸው። ልጁ አልተመለሰም። እኔም ከባሕር ዳር እስክዛወር ድረስ ከሥራ ስመለስ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀምጬ ደንገል አቀብላቸው ነበር። አንዳንዴ ሳይጠይቁኝ «እርስዎ አላጠፉም» እላቸዋለሁ። ያልሰሙ ይመስላሉ፤ እጃቸው ግን ለአፍታ ቆም ይላል።