ለአቶ ወልደሩፋኤል ስንት ኮከብ

መካነ ሰላም ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው፤ ቀጥሎ ፈውዚያ።

ይህ ሹመት አይደለም። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትተይባለች፣ ጉርድ ፎቶ ታትማለች። በተረፋት ጊዜ ደግሞ «የመካነ ሰላም ሰሌዳ» የሚባል ድረ ገጽ አላት። የሚከራይ ቤት፣ የጠፋ በቅሎ፣ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ፣ ሠርግና መርዶ፣ ሁሉም እዚያ ይለጠፋል። አባቷ ቁርአን የሚያስቀሩ መምህር ነበሩ። ደሴ ሄዳ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ፣ «እንግዲህ በተማርሽው ሰው ጥቀሚበት» አሏት። ሌላው የተማረ እንዲህ ያለውን ምክር ሰምቶ ያልፋል፤ እሷ እንደ ወረደ ወሰደችው።

ኮከቡን ያመጣው ሥልጠና ነው። በዚህ አገር ሥልጠና ያላመጣው መከራ ጥቂት ነው። ከሩቅ የመጣ አንድ አሠልጣኝ ከረባቱን እንደ ልጓም አጥብቆ፣ «ተጠቃሚ የማይመዝነው ድረ ገጽ የሞተ ድረ ገጽ ነው» አለ። ሠልጣኙ አጨበጨበ፤ አበል ባለበት ጭብጨባ አይታጣም። ሁሉም አጨብጭቦ ረሳው። ፈውዚያ ግን የሰማችውን የምታደርግ ዓይነት ናት። ከየጽሑፉ ሥር አምስት ባዶ ኮከብ የሚደረድር ኮድ አወረደች። አንባቢው የመሰለውን ያህል ነክቶ ያበራል፤ አማካዩን ኮዱ ራሱ አስልቶ ያሳያል። ሐሳቧ ለምግብ ቤቱ፣ ለልብስ ሰፊውና ለሚኒባሱ ነበር። ሲጫን «የት የት ይታይ?» ብሎ ጠየቃት። ኔትወርኩ ሊሄድ ሊሄድ ሲል ጊዜ «ሁሉም ላይ» የሚለውን ነክታ ተገላገለች።

ታዲያ ሰፊው ሕዝብ የሂስ መብቱን በእጁ ሲያስገባ ምን አደረገ? ለሁሉም አምስት ሰጠ። ላልበላበት ምግብ ቤት አምስት፣ ላልተሳፈረበት ሚኒባስ አምስት። ነገ ገበያ ላይ የሚያገኘውን ሰው ማን ያስቀይማል! አንድ የጠፋ አህያ እንኳ አራት ተሰጠው። አህያው አልተገኘም። ፈውዚያ ይህን አይታ ስቃ አለፈችው፤ ከአህያው ሥር የአቶ ወልደሩፋኤል መርዶ መኖሩን ግን ልብ አላለችም።

አቶ ወልደሩፋኤል እህል ነጋዴ ነበሩ። የፈውዚያ ክፍልም የእሳቸው ነበረች፤ አሁን የልጃቸው የኒቆዲሞስ ናት። ኒቆዲሞስ ከአባቱ መጋዘኑን፣ ኪራይ ቤቶቹንና ከሩቅ የሚሰማ ጉሮሮውን ወርሷል። መርዶውንም ራሱ ነው ያስጻፈው፤ «ለቤተሰባቸው አዛኝ፣ ለድኃ መጠጊያ፣ ለአገር ዋርካ»። በዚህ አገር ዋርካ ያልሆነ ሰው ተቀብሮ አያውቅም። ይህ ሁሉ ዋርካ ቆሞ ሳለ ፀሐዩ ለምን እንደሚያቃጥለን ለጊዜው ይቆየን።

ከአርባው በኋላ የሟች ባለቤት እትዬ ወርቅዬ ወደ ሱቁ ጎራ አሉ።

«ፈውዬ፣ የሰውየውን ፎቶ በስልክ አወጣችው አሉኝ። እስቲ አሳዪኝ።»

በራሷ ስልክ ከፍታ አሳየቻቸው። አንብቢልኝ አሏት፤ አነበበችላቸው።

«ለቤተሰባቸው አዛኝ?»

«እንዲህ ይላል፣ እትዬ።»

«ለማን ቤተሰብ?»

እትዬ ወርቅዬ በጣታቸው ወደ ኮከቦቹ እያመለከቱ፣ «ይሄስ ምንድን ነው?» አሉ።

«ሰው የመሰለውን ያህል የሚሰጥበት ነው። አንድ ትንሽ ነው፣ አምስት...» እያለች ነው ኮከቡ የት እንደገባ ገና የታያት። ስልኩን ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ እትዬ ወርቅዬ ነክተው ጨርሰዋል። አንድ።

«እትዬ!»

«ምነው? የመሰለውን ያህል አላልሽም? የእህል ቤቱን ቁልፍ ወገቡ ላይ አስሮ፣ እኔ በየማለዳው እንደ ለማኝ ቆሜ እያስሰፈርኩ ነው ያረጀሁት። አሁን ደግሞ ልጁ አስሮታል። አንዷንም የሰጠሁት ልጆቹን ስላስተማረ ነው።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ፈውዚያ ኮከቡን ከመርዶው ላይ ልታነሳ ስትቀመጥ ኔትወርኩ ሄደ። ኔትወርኩ ሲመለስ ኒቆዲሞስም መጣ።

«አስር ሰው መዝኖ አማካይ 4.6 ይላል! የእህል ነጋዴ ልጅ ነኝ፣ ሂሳብ የሚያስተምረኝ የለም። ዘጠኙ አምስት አምስት ሰጥቶ አንዱ አንድ ሰጥቷል።»

አራት ሰው አራት አራት ቢሰጥም ሂሳቡ እዚያው ይመጣል። ግን አራት ቅር ያለው ሰው ከመፈለግ አንድ ጠላት መፈለግ ይቀላል።

«ጋሽ ኒቆዲሞስ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እዚያ መግባት አልነበረበትም፤ አሁኑኑ አነሳዋለሁ» አለች።

«እንዳትነኪው! ሰውየው ሳይታወቅ ማስረጃ አይጠፋም። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ፊትሽ ይናገራል። ወይ ስሙን ትናገሪያለሽ፣ ወይ ቤቴን ትለቂያለሽ።»

ባለ ኪራይ ቤት ክብሩ ሲነካ መጀመሪያ የሚመዘው መሣሪያ ይኸው ነው፤ ይህን ለማወቅ ወፍራም መጽሐፍ ማገላበጥ አያሻም። ፈውዚያ ክፍሏን ብትለቅ ማሽኑን የምታስገባበት ጣሪያ የላትም። የእናትን ስም ለልጅ ብታቀብል ደግሞ፣ ጣሪያ ብታገኝ እንኳ ከሥሩ ተቀምጣ ሰው ማየት አትችልም።

እሑድ በኒቆዲሞስ ቤት ሽምግልና ተጠራ። የመሩት ሸህ ጠሃ ናቸው፤ የሰፈሩ ክርስቲያንም ሙስሊምም ሲጣላ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። እትዬ ወርቅዬ ከጥግ ተቀምጠዋል።

«አላውቅም ካለች ትማልልኝ!» አለ ኒቆዲሞስ።

«ልጄ፣ ታውቂያለሽ?» አሉ ሸህ ጠሃ።

«አውቃለሁ።»

«ትናገሪያለሽ?»

«አልናገርም፣ አባባ። ክፍሉን እለቃለሁ።»

«በኮከብ የተነሳ?»

«በኮከብ የተነሳ።»

«ያ ረቢ! በድንበር ዳኘን፣ በደም ዳኘን፤ የቀረን የሰማዩ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ኒቆዲሞስ ተነሳ። «አባቴ በዚህ ከተማ ለማን ያልደረሰ ሰው ነው? ሌሊት የታመመ ሲጠራው ጫማ ሳያስር የሚወጣ አልነበረም? እኔን ለማስተማር በቅሎውን አልሸጠም? አፈር ከለበሰ በኋላ ማን ነው አንድ የሚሰጠው?» ይህን ሲል የወረሰው ጉሮሮ ከዳው፤ ጎልማሳው ሰውዬ እንደ ልጅ አለቀሰ። እስካሁን ስንስቅበት ቆይተናል፤ ልቅሶው ግን የእውነት ነበር።

«ፈውዬ» አሉ እትዬ ወርቅዬ ከጥጋቸው። «ያ ነገር ይቀየራል?»

ፈውዚያ አመነታች። «ይቀየራል፣ እትዬ። በዚያው ስልክ ደግሞ የነካ እንደሆነ የፊተኛው ይሰረዛል።»

«አምጪው እስቲ።»

ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው ራቅ አደረጉና ቀስ ብለው ነኩት። ሁለት።

«ኒቆዲሞስ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ይህችን ልጅ ተዋት። እንዲህ የሚሟገትለት ልጅ ያሳደገ ሰው አንድ ይጨመርለታል። ከዚህ በላይ ግን አልችልም ልጄ። የቀረውን ወገብህ ላይ ያለውን ቁልፍ ጠይቀው።»

የኒቆዲሞስ እጅ ሳያስበው ወደ ወገቡ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ሸህ ጠሃ ማንም አፉን ሳይከፍት እጃቸውን ዘርግተው፣ «በሉ ዱዓ እናድርግ» አሉ። ሁሉም «አሚን» አለ፤ ኒቆዲሞስም ጭምር፣ ዘግየት ብሎ። ስልኩ ላይ አማካዩ 4.7 ሆኗል።

ስለ ክፍሉ ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። ፈውዚያ በዚያው ዕለት ኮከቡን ከመርዶው፣ ከሠርጉና ከጠፋ ከብት ላይ ሁሉ አነሳች።

ሰንበት ብሎ እትዬ ወርቅዬ መጡ። የነጠላቸው ጫፍ ላይ የእህል ቤቱ ቁልፍ ተቋጥሯል።

«ፈውዬ፣ ያ ኮከብ ለቁም ሰውስ ይሆናል?»

«አነሳሁት እኮ እትዬ። አሁን ለሚኒባስና ለምግብ ቤት ብቻ ነው።»

«ወይ ጉድ!» አሉ ቁልፉን እያሻሹ። «ልጄ ሦስት ደርሶልኝ ነበር።»